የቅኔ ነገራ ቀድተሃል፤ የትኛው ጉባኤ ይቀበልሃል?

ከደብረ ማርቆስ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ነገራ የሚለው ቃል፣ ተማሪ የቆጠረውን (የገጠመውን) ቅኔ በመምህሩ በየኔታ ፊት ሲናገርና ሲታረም ማለት ነው።

«በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ከዚያ በፊት ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ነበርኩ። አሁንም እየተመላለስኩ የየኔታን ነገራ በስልኬ እቀዳለሁ፤ ከዚያ ላይ ጥናት መሥራት እፈልጋለሁ። ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ 'ዓለም አቀፍ የነገረ መለኮትና የሃይማኖት ጥናት ጉባኤ' የሚል ጥሪ በቴሌግራም ላከልኝ። አብስትራክት (የጥናት አጭር መግለጫ) ላኩ፣ በ48 ሰዓት መልስ እንሰጣለን፣ መመዝገቢያው 180 ዶላር ነው ይላል። እውነተኛ ነው ወይ? የእኔ ጉዳይስ ነገረ መለኮት ነው ወይስ የሃይማኖት ጥናት? የጻፍኩትን አብስትራክት አያይዣለሁ፤ እስኪ ይዩልኝ።»

መጀመሪያ ገንዘቡን እንዳትልክ። ሌላውን ተረጋግተን እናወራለን።

ጥሪውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ ሆቴል፣ ሁለት ቀን፤ በዚያ ውስጥ ነገረ መለኮት፣ ምህንድስና፣ የሕዝብ ጤናና የሆቴል አስተዳደር አንድ ላይ ተጠርተዋል። ጥናቱን ማን እንደሚገመግመው አይናገርም። የአዘጋጆቹ ስም የለም፤ ያለው «ታዋቂ ፕሮፌሰሮች» የሚል ብቻ ነው። ከሁሉ የባሰው ያ 48 ሰዓት ነው። አንድ አብስትራክት በወጉ ሲገመገም ቢያንስ ሁለት ሰው ያነበዋል፤ ኮሚቴው ይነጋገርበታል፤ የሚጣለው ይጣላል። ይህ ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ወራት። በሁለት ቀን «እንኳን ደስ አለህ» የሚል ሰው ካለ ያነበበው ኪስህን ነው።

ክፍያ መኖሩ ብቻውን ግን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ይህን የምለው አንዴ የደነገጠ ሰው ክፍያ ያየበትን ሁሉ ስለሚሸሽ ነው። ትልልቆቹ ጉባኤዎችም ያስከፍላሉ። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ጥናትህን ይቀበላሉ፤ ከዚያ ትመዘገባለህ። ለተማሪና ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ አገር ለሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ቅናሽ አላቸው። ከተጠራጠርክ ያለፈውን ጉባኤ ፕሮግራም ፈልግ። እውነተኛ ጉባኤ ከሆነ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ክፍል፣ ምን እንዳቀረበ የሚያሳይ ዝርዝር አይጠፋም። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሰው መርጠህ «እዚህ ጉባኤ ላይ ነበሩ ወይ?» ብለህ ኢሜይል ጻፍላቸው። መልስ ለመስጠት የሚሰስት ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ እንምጣ። እሱ ነው ዋናው፤ ምክንያቱም ጥናትህን የት እንደምትልክ የሚወስነው እሱ ነው።

ነገረ መለኮት ከእምነቱ ውስጥ ሆኖ ይጠይቃል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ታምናለች፤ ምን ማለቷ ነው? ከመጽሐፉና ከአባቶች ጋር እንዴት ይስማማል? የሃይማኖት ጥናት ደግሞ ሰዎቹን ያያል። ይህን የሚያምኑ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ማን ያስተምራል፣ ማን ያርማል፣ እውቀቱ ከማን ወደ ማን ይሄዳል? እዚህ ጋ አጥኚው አማኝ ይሁን አይሁን ማንም አይጠይቀውም። ቄስም ሆኖ የሃይማኖት ጥናት የሚሠራ ሞልቷል። የሚጠየቀው ማስረጃው ለማያምነው አንባቢም ማስረጃ መሆኑ ነው።

ይህ ልዩነት በአገራችን በሕግም የተደገፈ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ያዛል። ስለዚህ ነገረ መለኮትን እንደ ነገረ መለኮት የምትማረው በቤተ እምነቶቹ ተቋማት ነው፤ አዲስ አበባ ያሉትን ቅድስት ሥላሴን፣ ቅዱስ ጳውሎስን፣ መካነ ኢየሱስን መጥቀስ ይቻላል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን ስለ ሃይማኖት የሚጠና ነገር በሌላ በር ነው የሚገባው። በታሪክ፣ በፊሎሎጂ፣ በፎክሎር፣ በሥነ ሰብእ፣ አንዳንዴም በፍልስፍና። ያንተም በር ይኸው ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከዲግሪዬ ውጭ ነው ብለህ አትስጋ።

አሜሪካኖቹም ተመሳሳይ መስመር አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በመንግሥት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ጸሎት ማንበብን ከለከለ። ስለ ሃይማኖት በገለልተኝነት ማጥናት ግን ይቻላል አለ። ከዚያ በኋላ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻቸው የሃይማኖት ጥናት ክፍሎች እየበዙ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1909 የመጽሐፍ ቅዱስ መምህራን ማኅበር ሆኖ የተመሠረተው ድርጅትም በዚያው ጊዜ ገደማ ስሙን ቀይሮ የአሜሪካ የሃይማኖት አካዳሚ ተባለ። ዛሬ በዘርፉ ትልቁን ዓመታዊ ስብሰባ ከሚያዘጋጁት አንዱ ነው። ስብሰባው ላይ ነገረ መለኮትም የሃይማኖት ጥናትም በየክፍሉ ይቀርባሉ፤ ክርክራቸውም አላለቀም።

ታዲያ ያንተ ነገራ የትኛው ነው? ሁለቱንም መሆን ይችላል። ግን በአንድ ጽሑፍ ሁለቱንም እንዳትሞክር። በምሳሌ ላሳይህ፤ ምሳሌው እኔ ያበጀሁት ነው፣ ከየትም ቅኔ ቤት የተቀዳ አይደለም።

ተማሪው ቀኑን ጥሻ ለጥሻ ሲቆጥር ውሎ የኔታ ፊት ይቀርባል። ይዞ የመጣው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት። ሰሙ ገበሬና ዘር፣ ወርቁ ትንሣኤ። ገበሬው ዘሩን ቀበረ፤ ዘሩ ሲበቅል ገበሬው ደነገጠ ይላል። ቤቱ ይመታል። ግሡ ልክ ነው፣ አገባቡም አልተፋለሰም። የኔታ ግን አላለፉትም። «ገበሬው ማነው?» ይሉታል። «እግዚአብሔር አብ» ይላል። «ታዲያ አብ ያላሰበው ነገር ደረሰበት ልትል ነው?»

ዝም። ከኋላው ተራ የሚጠብቁት ይስቃሉ። ልጁ ተመልሶ ይሄድና ድንጋጤውን ከገበሬው ላይ አንሥቶ ለእርሻው ጠባቂ ይሰጠዋል። አሁን ወርቁ የመቃብሩ ጠባቂዎች ሆኑ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 28 ከፍርሃት የተነሣ ተንቀጠቀጡ፣ እንደ ሞቱም ሆኑ የተባሉት። ሰሙም አልተጎዳ፣ ወርቁም ቦታውን አገኘ። የኔታ «ይበል» ይላሉ።

እስኪ ምን እንደተደረገ አስበው። ማንም ስለ እግዚአብሔር ቅድመ እውቀት ትምህርት አልሰጠም። መጽሐፍ አልተገለጠም። ልጁ ግን ያን ትምህርት ከእንግዲህ አይረሳውም፤ ምክንያቱም የደከመበትን ቅኔ ያስጣለው እሱ ነው። ይህን ይዘህ የነገረ መለኮት ጽሑፍ ብትሠራ ጥያቄህ «የቅኔ እርማት የትኞቹን የቤተ ክርስቲያን ትምህርቶች ይጠብቃል?» ይሆናል። ቅድመ እውቀት፣ ተዋሕዶ፣ የእመቤታችን ክብር፣ የቅዱሳን ልክ። የትኛው ላይ የኔታ ይጠነክራሉ? የትኛው ላይ ለግጥሙ ሲሉ ያልፋሉ?

የሃይማኖት ጥናት ብትሠራ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው። ማን ምን ያርማል? አንተም እንደምታውቀው የኔታ ጋ ከመድረሱ በፊት አስነጋሪ የሚባል የበሰለ ተማሪ አለ። እሱ ግሥና አገባብ ያርማል። ምሥጢሩን፣ ማለትም ነገረ መለኮታዊ ትርጉሙን፣ ማረም ግን ለየኔታ ብቻ የተተወ ነው? አስነጋሪው ምሥጢር ቢነካ ምን ይባላል? ሴት ተማሪ ስትናገርስ እርማቱ ይለያል? ይህ ሥልጣን እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ነገር ነው። ማስረጃውም በስልክህ ውስጥ ነው።

እኔን ከጠየቅኸኝ ሁለተኛውን ምረጥ። አንደኛ፣ ለመጀመሪያው የአባቶችን መጻሕፍትና አንድምታውን (ባህላዊውን የመጻሕፍት ትርጓሜ) ጠንቅቆ ማወቅ ይጠይቃል፤ ቅኔ ቤት እንጂ መጽሐፍ ቤት (ትርጓሜው የሚሰጥበት ትምህርት ቤት) እንደገባህ አልነገርከኝም። ሁለተኛ፣ ያለቀ ቅኔ ሰብስቦ ያሳተመና የተነተነ ሰው ብዙ ነው። ተማሪው ያመጣውን፣ የተጣለውን መስመር ግን ማን ይጽፈዋል? የሚጣል ነገር ነዋ። ያንተ ቅጂ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ አብስትራክትህ። ሳልሸፍን ልንገርህ። እንዲህ ነው የሚጀምረው፦ «ቅኔ ሀገራችን ለዓለም ያበረከተችው ድንቅ ሀብት ሲሆን ጎጃም ደግሞ የቅኔ ምንጭ ናት። ይህ ጥናት የቅኔን ታሪክ፣ ዓይነቶች፣ ጠቀሜታና ያጋጠሙትን ተግዳሮቶች ይዳስሳል።» ከ250 ቃል ውስጥ 180 ያህሉ ውዳሴ ነው። ውዳሴው እውነት ይሁን፤ ሊቃውንቱ ከሚቆጥሯቸው ሦስት የቅኔ ቤቶች ጎንጅና ዋሸራ የጎጃም፣ ዋድላ ብቻ ከዚያ ውጭ ነው። ግን ገምጋሚው ይህን አልጠየቀህም። ገምጋሚው ፊት ሰማንያ አብስትራክት ተደርድሯል እንበል፤ የሚፈልገው ምን ጠየቅህ፣ ምን ይዘህ፣ ምን አገኘህ የሚለውን ነው። «ይዳስሳል» የሚል ግሥ ደግሞ ምንም ቃል አይገባም። ሁሉን የሚዳስስ ጽሑፍ ምንም አይጨብጥም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር። አማርኛውን ተመልከት፤ ወደ እንግሊዝኛ መመለሱ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

«በቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲናገር የሚሰጠው እርማት የማን ሥልጣን ነው? የቅኔ ጥናቶች በአብዛኛው ያለቀለትን ቅኔ ይተነትናሉ። ይህ ጥናት ቅኔው ከመጽደቁ በፊት ያለውን ደረጃ ይመለከታል። መረጃው በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ቅኔ ቤት በመምህሩ ፈቃድ የተቀዳ የነገራ ድምፅ ነው። እርማቶቹ በሦስት ተከፍለዋል፦ የሰዋስው፣ የቤትና የምሥጢር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አስነጋሪውም መምህሩም ያርማሉ፤ የምሥጢር እርማት ግን በተቀዳው ሁሉ ከመምህሩ ብቻ ነው የመጣው። ከዚህ በመነሣት ጥናቱ ነገራ የሰዋስው ፈተና ብቻ ሳይሆን ነገረ መለኮታዊ ሥልጣን በየቀኑ የሚታይበት መድረክ መሆኑን ይከራከራል።»

የምሥጢር እርማት ከመምህሩ ብቻ መጣ ያልኩት ግምቴ ነው። ቅጂህ ሌላ ካሳየ ሌላውን ጻፍ፤ እንዲያውም አስነጋሪው ምሥጢር ሲያርም ካገኘህ ጽሑፍህ ይበልጥ ይጥማል። «የቅኔ ጥናቶች በአብዛኛው» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ አንብበህ ሳታረጋግጥ እንዳታስገባት። ጥያቄ በሚጠየቅበት ሰዓት መጀመሪያ የምትመጣብህ እሷ ናት።

አብስትራክቱን ከመላክህ በፊት ቅጂህን በሠንጠረዥ አስገባው። ቀኑ፣ የቅኔው ዓይነት፣ ተማሪው ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ያመጣው መስመር፣ የተባለው፣ ያለው ሰው፣ የተስተካከለው መስመር። የተማሪዎቹን ስም አትጻፍ። በጉባኤ ቃና ጀምር፤ አጭር ስለሆነ እርማቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ እርማቱ ይደራረብና የቱ ስለ የቱ እንደሆነ መለየት ያታክትሃል።

የት ትልካለህ? እኔ በቅርብ ጀምር እላለሁ። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የምርምር ጉባኤ ሲጠሩ ጠብቀህ ላክ። እዚያ ቅኔ የሚያውቅ ሰው ተነሥቶ ያፋጥጥሃል። ውጭ አገር ሄደህ ከምትፋጠጥ እዚህ ይሻልሃል። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመ ነው፣ መጽሔቱም የዚያው ዓመት እኩያ ነው።

ከዚያ የሚቀጥለው የተፈጥሮ ቦታህ ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሮም ላይ ተጀመረ፣ በ1966 አዲስ አበባ መጣ። ከዚያ ወዲህ አንዴ እዚህ አንዴ ባሕር ማዶ እያለ ዘልቋል፤ 2007 ትሮንድሄም፣ 2012 ድሬዳዋ፣ 2015 ዋርሶ፣ 2018 መቀሌ። እዚያ ስለ ቅኔ ስትናገር ቅኔ ምን እንደሆነ ለማስረዳት አሥር ደቂቃ አታጠፋም። አሠራሩን ግን እወቅ። በመጀመሪያ የፓነል (በአንድ ርዕስ ሥር የሚቀርቡ ጽሑፎች ስብስብ) ሐሳብ ይጠራል፤ ፓነሎቹ ሲጸድቁ ነው የግለሰብ ጽሑፍ የሚጠራው። ስለዚህ የሃይማኖት ወይም የባህላዊ ትምህርት ፓነል ያለውን ለይተህ ለአስተባባሪው አስቀድመህ ጻፍለት።

የመጽሐፍ ቅዱስ ሥነ ጽሑፍ ማኅበር የሚባለው አሜሪካዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ አለ። ከላይ ካልኩህ አካዳሚ ጋር በየዓመቱ በኅዳር ገደማ ጎን ለጎን ይሰበሰባሉ። የሚገርምህ በውስጡ በግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስና ሥነ ጽሑፍ ላይ የሚሠራ ክፍል አለው። ያንተን ሥራ የሚቀበሉት ከመጽሐፉ ጋር ከታሰረ ነው፤ እንደ መቃብሩ ጠባቂዎች ያለ ንባብ በቅኔ እንዴት እንደሚተረጎም ብታሳይ ማለት ነው። የአገራችን ባህላዊ ትርጓሜ በምዕራቡ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ውስጥ እንግዳ አይደለም። ሮጀር ካውሊ የሚባል እንግሊዛዊ የዮሐንስ ራእይን አንድምታ ተርጉሞ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ጥሪያቸው ብዙ ጊዜ በየካቲትና በመጋቢት ይዘጋል። ጉዞው ውድ ነው፣ ቪዛው ጣጣ አለው፤ ለመጀመሪያ ሙከራ አልመክርህም። ከማኅበሩ ግን አንድ ነገር አሁኑኑ መውሰድ ትችላለህ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አገሮች ብዙ መጻሕፍቱን በነፃ በፒዲኤፍ ይሰጣል።

ሌላው ዓለም አቀፉ የሃይማኖቶች ታሪክ ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 አምስተርዳም ላይ ተመሠረተ፤ ጉባኤው በየ5 ዓመቱ ነው፤ የ2025ቱ በፖላንድ ክራኮቭ ነበር። በመተዳደሪያ ደንቡ የእምነት መስበኪያና መከላከያ መድረክ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ «የኔታ ትክክል ናቸው» የሚል ጽሑፍ እዚያ አይሄድም። «የኔታ እንዴት ያርማሉ» የሚለው ይሄዳል። የአፍሪካ የሃይማኖት ጥናት ማኅበርም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ሐራሬ ላይ የተመሠረተ፣ ከዚሁ ማኅበር ጋር የተሳሰረ። ለኛ ሰው ቀለል ያለ በር ይመስለኛል፤ ከኛ አገር የሚሳተፈው ማነሱ ያሳዝናል።

ጉባኤ ላይ ማቅረብ ማሳተም አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ከቀረበ በኋላ አስፋፍተህ ለመጽሔት ትልካለህ። ሐምቡርግ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚወጣው ኢትዮፒካ የተባለ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል። አሁን ከጽሑፍህ በፊት ጥቂት ዕትሞቹን አገላብጥ። በኛ ቅኔና በኛ ብራና ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ታያለህ፤ አንዳንዱን አንብበህ «ይኼንንማ እኔም አውቀዋለሁ» ትላለህ፤ ደግሞም ታውቀዋለህ።

የድሮ ቅኔ ከፈለግህ ለማነጻጸሪያ የሚሆን በእጅህ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አንሥቷል። ቅጂው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካታሎግ የሠሩለት ነው። በነፃ ተመዝግበህ ብዙውን በስልክህም ማንበብ ትችላለህ። ኔትወርክ ባለበት ቀን ገጾቹን እያወረድክ አስቀምጥ። መንገዱም መስመሩም መቼ እንደሚዘጋ የምታውቀው አንተ ነህ።

አሁን ስለ የኔታ። በጥያቄህ ውስጥ «እቀዳለሁ» አልክ እንጂ «አስፈቅጄ» አላልክም። ካላስፈቀድክ ሂድና አስፈቅድ። ሄደህም «ለትምህርት ነው» ብለህ በደፈናው አትለፍ። ድምፃቸው ፈረንጅ አገር ሊሰማ እንደሚችል፣ ያሉት ነገር በጽሑፍ እንደሚወጣ፣ ስማቸው ይጠቀስ ወይስ ይቅር፣ ዘርዝረህ ጠይቃቸው። አንዳንዱ መምህር ስሙ እንዲጠራ አይሻም፤ «ውዳሴ ከንቱ» ይሆንብኛል ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ቅኔው የሌላ ሰው ተብሎ ሲጠቀስ አይቶ ተቆጥቶ ይኖራል። ሁለቱም መብታቸው ነው። እሺ ካሉህ ከምስክር ጋር ጻፈው። ፈቃድ እንዳለህ የሚያሳይ ወረቀት ጉባኤውም መጽሔቱም ሊጠይቅህ ይችላል፤ የዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤና የሀገረ ስብከት ፈቃድም አብሮ ቢኖር አይከፋም። እምቢ ካሉ ቅጂው ለራስህ መማሪያ ይሁን፤ ጽሑፉ ቀርቷል።

ተማሪዎቹንም አትርሳ። የተጣለ መስመራቸውን ነው አደባባይ የምታወጣው። ቅኔ ቤት ውስጥ ስም ባይጠቀስም እገሌ ነው ብሎ የሚለይ አይጠፋም፤ ስለዚህ ቅኔው የቆየ፣ ልጁ ቤቱን ለቆ የሄደ ቢሆን ይመረጣል።

ፎርም አሞላሉ ላይ ሰው የሚደናቀፍባቸው ነገሮች አሉ። አንዱ ስም ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይልሃል፤ እኛ ጋ የለም። የአባትህን ስም አስገባ፤ ግን ስምህንም የአባትህንም በእንግሊዝኛ ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ጻፍ። ዛሬ በአንድ ሆሄ፣ ነገ በሌላ ከጻፍከው ሁለት ሰው ትሆናለህ። በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔቶች ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደረደርም፤ ሌላ ቦታ ግን ይገለብጡታል። ኦርኪድ የሚባለውን የአጥኚ መለያ ቁጥር በነፃ አውጣ፤ ግልባጩን እሱ ይፈታልሃል።

ሌላው ቀን ነው። ማርች 1 ይዘጋል ካለ የካቲት 22 ማለት ነው። ሰዓቱን ደግሞ የማን እንደሆነ እይ። የአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት እኩለ ሌሊት ከሆነ ለኛ የካቲት 23 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። «በምድር ላይ በየትኛውም ቦታ» የሚል ካለ ደግሞ የካቲት 23 ከቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ጊዜ አለህ። ይህን ያወራሁህ እስከዚያ እንድትጠብቅ አይደለም፤ ሳምንት ቀድመህ ላክ። መብራት አለ፣ ኔትወርክ አለ፤ ሁለቱ አንድ ቀን ላይ ላይገጥሙ ይችላሉ።

ከተቀበሉህ የሚሰጥህ ብዙውን ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። ጽሑፍህ ከ2,500 የእንግሊዝኛ ቃል አይብለጥ፤ ከበለጠ ትሮጣለህ፣ ሰብሳቢውም ያቋርጥሃል። ሁለት ቅኔ ብቻ ይዘህ ቅረብ። አንዱን ተማሪው እንዳመጣው፣ ከዚያ እንደታረመ አሰማ። ድምፁን ለሠላሳ ሰከንድ ያህል አስደምጥ፤ የየኔታን «ታዲያ…» ሰምቶ የማይነቃ አዳራሽ የለም። ለታዳሚው የምታድለው አንድ ገጽ ወረቀት ይኑር፦ ግዕዙ፣ ትርጉሙ፣ ሰሙና ወርቁ ተለይቶ፣ የተጣለው መስመር ከታረመው ጎን። ወረቀቱን ደብረ ማርቆስ አትመህ ይዘህ ሂድ። የግዕዝ ፎንት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ይሆንብሃል፤ የስላይድህንም ፒዲኤፍ ፎንቱን አብረህ አስገብተህ በፍላሽም በኢሜይልህም አስቀምጥ።